የጨረቃ አፈር በደጃችን

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ስትሄጂ ይዞሽ የነበረው ሳል ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ። አባባም ወደ ድንጋይ ካባው ተመልሶ ሥራ ጀምሯል፤ ምሳውን ግን ሳይነካው ይዞት ይመጣል።

እማዬ ከሞተች ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። ጎረቤቶቻችን ጠዋት ጠዋት ደጃቸውን ውሃ ረጭተው በነጩ ዱቄት የኮላም ሐረግ መሬቱ ላይ ሲስሉ፣ የሐዘን ቤት ነውና የእኛ ደጅ ባዶውን ይውላል።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ለእማዬ አንብቤላት ነበር። ከመንደራችን ድንጋይ ተፈጭቶ ወደ መሥሪያ ቤትሽ ወደ ቤንጋሉሩ የተጫነውን ዱቄት እንደ ጨረቃ አፈር እንደምትሞክሩበት፣ መንኮራኩሯ ስታርፍ ግን እሳቷ አቧራውን አስነስቶ ዓይኗን እንደሚያሳውረው ጽፈሽ ነበር። እዚያ አየር ስለሌለ አቧራው እንደ ጥይት እንደሚወረወር፣ ተመልሳ ስትነሳም የራሷ ጠጠር ራሷን ሊመታት እንደሚችል።

እማዬ «ታዲያ አስቀድመው ውሃ አይረጩም?» አለች። ውሃ የለም አልኳት። «ውሃ የሌለበት ቤትማ ልጄን አልድርም!» ብላ ሳቀች። ከዚያ የኮላሙን ቆርቆሮ አምጥታ ዱቄቱን በተነችው፤ ከዚያው ድንጋይ የተፈጨ ነው። እኔ በብስክሌት ጎማ መንፊያዬ ነፋሁበት። ዝቅ ሳደርገው ጉድጓድ ቆፍሮ የእማዬን ፊት ነጭ በነጭ አደረገው። ከጉልበቴ በላይ ከፍ ሳደርገው ዱቄቱ ንቅንቅ አላለም። «በል ጻፍላት፤ እሳቱን እዚህ ላይ ያጥፉትና የቀረውን ትውደቅ። እግር የተሠራላት ለምንድን ነው?» አለች። አልጻፍኩልሽም። በማግስቱ ደረቷን ወጋት።

«ሙከራዋ ሐሙስ ነው፤ ሳይጨርሱ እንዳትደውልላት» ብላ እጄን አናቷ ላይ አስጭና አስማለችኝ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሞተች። አክስታችን ቫዲቩ «ለእህትህ አልደወልክም?» ብላ ስትጮህብኝ ፈራሁና «ደውዬ ነበር፤ አላነሳችም» አልኳት። ስለዚህ እንደ ሥርዓታችን አስከሬኗን ሳይጠብቁሽ አቃጠሉት። አባባ አመሻሽ ላይ ሲደውልልሽ ወዲያው አነሳሽ። ስትደርሺ ማንም ውሃ ያላቀረበልሽ፣ አክስታችን በሰው ፊት «ጨረቃሽ ደህና ናት?» ያለችሽ በእኔ ውሸት ነው። ስልክሽን አውጥተሽ እንዳልደወልኩልሽ ማሳየት ትችዪ ነበር። አየሽኝና ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ተውሽው።

ትናንት ለአክስታችን እውነቱን ነገርኳት። በመጥረጊያ እስከ ውሃ ጉድጓዱ ድረስ አባረረችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዓይኗን ስትጠርግ «ያቺ ከሲታ በየትኛው አውቶቡስ ነው የምትመጣው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

አሥራ ስድስተኛው ቀን ሐሙስ ነው። የሐዘኑ ሥርዓት ሲያበቃ የመጀመሪያውን ኮላም የምትስለው የቤቱ ሴት ልጅ ናት። አንቺ ከሌለሽ አክስታችን ትስላለች፤ እሷ ደግሞ መስመሩ እንደሚጠማዘዝባት ታውቂያለሽ። እማዬ ከፊቷ ያራገፈችውን ዱቄት ቆርቆሮው ውስጥ መልሼዋለሁ፤ ማንም አልነካውም።

ዱቄቱ ያልተነቃነቀበት ከፍታ ከጉልበቴ በላይ አራት ጣት ነው። የለካችው እሷ ናት፣ በራሷ ጣት።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስወጣ መንታ መንገዱ ላይ ብስክሌቴን ይዤ እቆማለሁ። ከሳሌም ከተማ የሚመጡት አውቶቡሶች በሙሉ እስኪያልፉ አልሄድም።

የመንደራችን አምላክ እናታችን ማሪያማን መንገድሽን ታቅናልሽ፤ ደረትሽንም ከሳል ትጠብቅልሽ።

እጁን አናቷ ላይ የጫነው፣
ታናሽ ወንድምሽ