ያልተመታ መዳፍ

ሰኞ፣ መጋቢት 3
ዝናብ። ኬንታኪ ከሰፈርን ወዲህ ደረቅ እግር አላውቅም። የሰሜን ጦር የሰጠኝ ጫማ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ጌዴዎን ሰፋልኝ። ከጌታው አምልጦ ሰፈራችን የገባው ጥቁር፣ ወጥ ቤት የሚያግዘው። ዋጋውን በትንባሆ ተስማማን። እኛ አየርላንዳውያን ገበያ ላይ ውል የምናጸናው መዳፋችን ላይ እንትፍ ብለን መዳፍ ለመዳፍ ስንማታ ነው። ነግሬው ነበርና እጁን ዘረጋ። አልመታሁም። "የሚሸጥ ሰው ውል አይገባም" አልኩት። ትንባሆውን ትቶት ሄደ።
ይተወው። የመጣሁት ለደሞዝና ለዜግነት ነው። የጥቁር ነገር ምኔ ነው?

ዓርብ፣ መጋቢት 7
ላቲመር የሚባል ባለ እርሻ መጣ። "ንብረቴ እናንተ ዘንድ ነው" አለ፣ ጌዴዎንን ማለቱ ነው። ፈገግ ብሎ። አገር ቤት እኛን ከቤታችን አውጥቶ ጣራችንን ያፈረሰው የባለርስቱ ሰውም እንዲሁ ፈገግ ብሎ ነበር... ኬንታኪ ከሰሜን ብትወግንም ባርነት እዚህ ሕጋዊ ነው፤ ወታደሩ ግን አጉረመረመ። ሻምበል ዊትኮም ሰኞ ይምጡ ብሎ ሸኘው።
ጌዴዎን ያጠበውን ድስት እንደገና ያጥባል። "ከወሰደኝ ወደ ታች፣ ደቡብ ወዳለው ጥጥ እርሻ ይሸጠኛል፣ ጌታው።"
እኔን ለምን ይነግረኛል?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8
የሻምበሉ ፈረስ ያነክሳል። ጥሩ ፈረስ በርካሽ ላምጣልዎ፣ ጌዴዎን ግን ለላቲመር እንዳይሰጥ አልኩት። ሳቀ። መዳፌን እንትፍ ብዬ ዘረጋሁ፤ እየሳቀ መታ። ከሰዓት ከጎረቤት ገበሬ አንድ ዳማ ፈረስ ገዛሁለት። ጥርሱን አየሁ፣ ኮቴውን አየሁ፣ ገበሬው እናቴን እስኪረግም ተከራከርኩ።
ጌዴዎንን "ጉዳይህ አልቋል፣ ተኛ" አልኩት።

ሰኞ፣ መጋቢት 10
ሰጠው።
ጌዴዎን አንጥረኛው ድንኳን ውስጥ ታስሯል። ሻምበሉና ላቲመር ምሳ ላይ ናቸው። ዶሮውን የጠበሰላቸው ጌዴዎን ነው።
ገባሁባቸው። "ተማተን ነበር እኮ፣ ጌታዬ።"
"ካንተ ጋር?" አለ ሻምበሉ። "ቲርኒ፣ እኔ ከጭቃ ቤት ከመጣ ፈረስ ነጋዴ ጋር ውል አልገባም። የምትቀልድ መስሎኝ ነው።"
ሁለቱም ሳቁ።
ጆሮዬ ጋለ። በእሱ ዓይን እኔም መዳፍ የለኝም ማለት ነው። ይህን ነገር የት ነው የሰማሁት? ከማን አፍ?... ከገዛ አፌ። በየእሑዱ ስለ እኩልነት ይሰብኩናል፤ ጠመንጃውን ተሸክመን እንድንሞትለት። የማን እኩልነት?
ውል ከፈረሰ ዕቃው ይመለሳል። ይህን የገበያ ሕፃን ያውቀዋል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11
ጌዴዎን ከትናንት ወዲህ የለም። የሻምበሉ ዳማም የለም። አላየሁም ብያለሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 13
ብዕሩን በጡጫ ይዤ ነው የምጽፈው። ትናንት በሁለት አውራ ጣቶቼ ዛፍ ላይ ሰቀሉኝ፤ እግሬ መሬት ነካ አልነካ እያለ። ማስረጃ? ለአየርላንዳዊ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? ሻምበሉ ፈረሴ የት አለ እያለ ሲጮህ "የማን ፈረስ?" አልኩት። ለዚያች ቃል ብለው ገመዱን አጠበቁት።
ያገሬ ልጅ ፊንታን ውሃ አጠጣኝ። "በዕድሜህ የከሰርክበት የመጀመሪያው ገበያ" አለኝ።
አልከሰርኩም።
ሰኞ ሻምበሉና ላቲመር አጥንት ሲግጡ የጌዴዎንን ገመድ ቆርጬ፣ ፈረሱን በድንኳኑ ጀርባ አመጣሁለት። በሰሜን ያለውን ወንዝ ከተሻገረ ነጻ አገር ነው። "ምን ልክፈልህ?" አለ ጌዴዎን። "ጌታው" አላለኝም።
"የጫማው ውል አልተዘጋም" አልኩት። መዳፌን እንትፍ ብዬ ዘረጋሁ።
እጄን አየ። ፊቴን አየ። "አሁን ሰው ሆንኩ?"
አስጠበቀኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እጄ ተዘርግቶ... ከዚያ የራሱን መዳፍ እንትፍ ብሎ መታኝ። በኃይል። በንዴት።
ዛሬም ይዘንባል። ጫማው ውሃ አላስገባም።