መርዶ በስልክ አይነገርም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሙቀቱ በረድ አለላችሁ ወይ? እኛ እዚህ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ጠዋት ጠዋት ነፋስ ይነፍሳል፣ ቀን ቀን ያው ድሬ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይልሻል። ደብዳቤ ከጻፍኩ ዘመን ስለሆነኝ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩን መምህር፣ ደብዳቤ በሰላምታ ተጀምሮ ቶሎ ወደ ጉዳዩ መግባት አለበት ይሉን ነበር። እኔ ወደ ጉዳዩ ለመግባት ከእሑድ ጀምሮ እየጻፍኩ እቀድዳለሁ።

ይህን የምታደርስልሽ ናሲሞ ናት፣ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን። ሐሙስ ለንግዷ ጅቡቲ ትወርዳለች። ወደ እኛ ባቡር ከመሳፈርሽ በፊት በእጅሽ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ። አጎትሽ ኒቆዲሞስ መጻፌን አያውቅም። ቢያውቅ ይጣላኛል።

ልጄ፣ ወንድምሽ ሁርሶ የለም። ሄዶም አያውቅም።

ዘርዓብሩክ ነሐሴ ላይ ሞተ።

ይኸው ጻፍኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጬ፣ ውጪ ትንሽ ተቀምጬ ተመለስኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። በዚያችው በምታውቂያት አይሱዙ ቲማቲም ሊጭን ጀልዴሳ ሄዶ ነበር። ሰማዩ እዚህም እዚያም ጥርት ያለ ነው፤ ዝናቡ የዘነበው ላይ ደጋው ላይ ነበር። ሲመለስ የወንዙ መሻገሪያ ጋ ጎርፍ አገኘው፤ ቆሞ እስኪጎድል ጠበቀ። ከሌሎቹ ሾፌሮች ጋር ሲቀልድ ነበር አሉኝ። ውሃው ጎደለ፣ እሱም ገባ። ከኋላ ሌላ ጎርፍ ተከትሎ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በማግስቱ አሸዋ ውስጥ አገኙት። ፊቱን ምንም አልነካውም፤ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ይህን ስለሆነ ነው የጻፍኩልሽ።

ድንኳኑ ገና ሳይፈርስ አጎትሽ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ያንቺን ነገር አነሳ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ስትወድቅ የሚይዛት ዘመድ አጠገቧ በሌለበት አይነገርም አለ። ደግሞም የመጨረሻ ዓመትሽ ነው፣ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ባሕር ውስጥ ልትገቢ ነው። «ወንድምሽን ውሃ ወሰደው ብለን ውሃ ለምትገባ ልጅ እንዴት እንነግራለን? ወይ ትምህርቷን ትታ ትመጣለች፣ ወይ ልቧ እዚህ ሆኖ እሷ እዚያ ትሰጥማለች» አለ። እኔም እሺ አልኩ። አንዱን ቀብሬ ተመልሼ፣ ሁለተኛዋ ትሰጥማለች ሲሉኝ ፈራሁ።

ያው አጎትሽ ነው እንግዲህ፣ የባሕርና የአካባቢ ሳይንስ ልማር ስትዪ፣ ባሕር በሌለው አገር ማንን ልታገለግል ነው ብሎ ቤቱን በሳቅ የሞላው። ዘርዓብሩክም «የዓሣ ሐኪም» እያለ ያበሽቅሽ ነበር። አንቺ በሌለሽበት ግን ለሰው ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፤ እህቴ የባሕር ምሁር ልትሆን ነው ይል ነበር፣ ደረቱን ነፍቶ።

በመጀመሪያው እሑድ ስትደውዪ እሱን አቅርቡልኝ አልሽ። አጎትሽ ስልኩን ከእጄ ወስዶ፣ ሁርሶ የወታደር ሥልጠና ገብቷል፣ ስልክ አይፈቀድላቸውም አለሽ። አንቺም ሳቅሽ። «እሱን በጠዋት ማን ሊቀሰቅሰው ነው? እኔ ያዘንኩት ለአሠልጣኙ ነው» አልሽ። ቤት የነበሩት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ያ ሳቅሽ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ በኢሞ ከመደወልሽ በፊት ጥቁሩን አወልቅና ቢጫውን ቀሚሴን እለብሳለሁ። አጎትሽ ከስልኩ ጀርባ ቁጭ ብሎ በእጁ ምልክት ያዝዘኛል፤ ፈገግ በዪ፣ አሁን ዝጊ ይለኛል። ናሲሞ አንድ ቀን ይህን አይታ፣ «አባዮ፣ እህቴ፣ አንቺ እኮ ፊልም መሥራት ነበረብሽ፤ ወላሂ ድሬ ተደብቀሽ ቀረሽ» አለችኝ። ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ መሳቄ ያኔ ነው፤ ወዲያው አፈርኩ።

አንቺ ስለ ኮራል ትነግሪኝ ነበር። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ አለው፣ ባሕሩ ሲሞቅበት ቀለሙ ይለቅና ነጭ ይሆናል አልሽኝ። የነጣ ሁሉ ግን ሞቷል ማለት አይደለም፣ ውሃው ቶሎ ከበረደለት ይመለሳል አልሽኝ። አራት ማዕዘን ብረት ከላዩ ላይ እያሳረፋችሁ የነጣውን ካልነጣው እንደምትለዩ በስልኩ አሳየሽኝ። እኔ ቀሚሴን እየጎተትኩ እሺ፣ እሺ ስልሽ ነገሩ ያልገባኝ መስሎሽ ይሆናል። ገብቶኛል፣ ልጄ።

ጥቅምት ላይ ኮፍያ አድርገሽ ብቅ አልሽ። ያ ሁሉ ፀጉር የለም። ጨው አበላሸው፣ ጠልቀን የምንሠራው ሴቶች ሁላችንም ተቆርጠናል አልሽ። አክስቶችሽ ተንጫጩ፤ እኔም ተቆጣሁሽ፣ ክፉ ቃል ተናገርኩሽ። አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ኮፍያሽን ዝቅ አደረግሽ። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ፀጉሯን መቼ እንደምትቆርጥ እኔም አንቺም እናውቃለን፤ ያን ቀን ግን ቁጣው ጋረደኝና አላሰብኩትም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሁርሶ ጠይቀሽኝ አታውቂም። የምትጠይቂኝ ሌላ ሆነ። እማ በላሽ ወይ? ማታ ማን አብሮሽ ያድራል? የምታወሪው ሲያልቅብሽ እንኳ ስልኩን አትዘጊም፣ ፊቴን እያየሽ ትቆዪያለሽ።

ኅዳር ላይ ናሲሞ ከጅቡቲ ስትመለስ፣ ነግረሻታል ወይ ብዬ ያዝኳት። አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም ብላ ማለችልኝ። የላክሁልሽን ዕቃ ልትሰጥሽ የምትሠሩበት ባሕሩ ዳር ድረስ መጥታ እንደነበር ግን ነገረችኝ። ከውሃው ስትወጪ ዓይንሽ ደም መስሎ ነበር አለች። ምን ሆነሽ ብላ ስትጠይቅሽ፣ ጨው ነው አልሻት። ከዚያ ናሲሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«አባዮ፣ ልጅቷ ግማሽ ፊቷን የሚሸፍን መነጽር አድርጋ ነው የገባችው። ጨዉ በየት በኩል ገባ?» አለችኝ።

እስኪመሽ አጠገቤ ተቀምጣ ወደ ቤቷ ሄደች።

ትዝ ይልሻል፣ አንደኛ ዓመት ሆነሽ ለእረፍት የመጣሽ ጊዜ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ነበር። ዘርዓብሩክ ድልድዩ ላይ አቁሞሽ፣ ይህ ጎርፍ ያንቺ ባሕር ጋ ይደርሳል ወይ ብሎ ጠየቀሽ። አይደርስም፣ ወዲያ ማዶ ሜዳው ላይ አሸዋ ይጠጣዋል አልሽው። «ታዲያ ምን ልታደርጊልን ነው የምትማሪው?» ብሎ ሳቀብሽ። እኔም ከእኛ ጎርፍ አንቺ ጋ ጠብ የሚል የለም ብዬ ተማምኜ ኖርኩ። ድሬና ጅቡቲ ግን አንድ ግቢ ናቸው። ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ ዘመድ ጠያቂው በየቀኑ ይመላለሳል። ምን ሆነን እንደ ሕፃን አሰብን?

ይኸው አሁን ጽሑፍሽን አስረክበሽ፣ ፈተናሽን ጨርሰሽ ልትመጪ ነው። አጎትሽ ሁሉን አሰናድቷል። ከባቡር ጣቢያ ወደ እሱ ቤት ይወስዱሻል፣ እራት አብልተው ያሳድሩሻል፣ ሊነጋጋ ሲል ቄሱና አክስቶችሽ መጥተው ይነግሩሻል። ወጉ ይህ ነው፤ እኔም ሰው ሳረዳ እንዲሁ አድርጌአለሁ። አጎትሽን እንዳትቀየሚው። ቤቱ ሄጄ፣ የሚነግርሽን ቃል ጓሮ ብቻውን ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ድምፁ ይሰበራል። ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ይጀምራል።

እኔ ግን ያቺን ሌሊት አልችላትም። አንቺ እነሱ ቤት እራት ቀርቦልሽ እየሳቅሽላቸው፣ እኔ እዚህ ግድግዳ እያየሁ አትነጋልኝም። ስለዚህ ለአጎትሽ ባቡሩ ማታ ነው የሚገባው ብዬዋለሁ። ዋሸሁት። እኔ ብቻዬን ቀደም ብዬ በባጃጅ አዲሱ ጣቢያ እመጣለሁ። ጥቁሬን ለብሼ ነው የምታገኚኝ። ከመቼ ጀምሮ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ማን ነገረሽም አልልሽም። ጣቢያው ከከተማ የራቀ ሜዳ ነው፣ በርቺ የሚልሽ ዘመድ እዚያ የለም። እስኪበቃን ድረስ እንቀመጣለን።

ስለ ትምህርቱ፣ ለምረቃው ተመለሺ ብዬ አላስገድድሽም። ወንድምሽን የወሰደው የመሻገሪያው ጎርፍ ነው፣ ያንቺ ባሕር አይደለም። ይህን ለአንቺ እኔ መንገር የለብኝም፤ በየሳምንቱ የገባሽበት አንቺ ነሽ።

ሲመሽ ወደ አጎትሽ ቤት አደርስሻለሁ። ንጋት ላይ ሊነግርሽ ሲጀምር አታቋርጪው። አውቃለሁ አትበዪው። ስንት ወር የተለማመደውን ቃል ይጨርስ፣ ከዚያ እንደ አዲስ አልቅሺለት።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ። የገባሽበት ውሃ ሁሉ በሰላም ያውጣሽ። የወለድሽውን ቀብረሽ የማትመለሺ እናት ያድርግሽ። አሜን።

የአንቺና የዘርዓብሩክ እናት
ድሬዳዋ፣ ጥር