ቦራው ዛሬም ቀደመ

ይድረስ ለናፈቅከኝ ልጄ። ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትህም ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይስቃል፤ ምን ጎደለበት።

የፈረስ እሽቅድምድሙን ሜዳ ግን ባታየው ይሻላል። ያ ተገፋፍተን የምንቀመጥበት ደረጃ አሁን የርግብ መስፈሪያ ሆኗል። ያ ሁሉ ሰው የት እንደገባ እንጃ! አባትህ ግን ዛሬም ክራቫቱን አስሮ ማማው ላይ ይወጣል፤ ማይኩን ይዞ ውድድሩን እንደ ድሮው ያስተላልፋል። እኔም አሁን አሁን በዚህ ጉልበቴ አብሬው እወጣለሁ። "አንቺ ደግሞ ምን ልታደርጊ?" ሲለኝ "ንፋሱ ይሻለኛል" እለዋለሁ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ የፈረሶቹን ስም አቀብለዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ሻይ ልቀዳለት ዞር ባልኩበት "ቦራው! ቦራው ቀደመ! ወይ ፈረስ!" ብሎ ሜዳውን አናጋው። ቦራውን መቼም አትረሳውም፤ የሞተ ቀን እያለቀስክ ትምህርት ቤት አልሄድም ብለህ አስቸግረኸን ነበር። ታች ያሉት ጥቂት ሰዎች ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔም አጨበጨብኩ። የተመልካቹ መቅረት ስንት ዘመን ሲያንገበግበኝ ኖሮ፣ ያን ቀን ግን እንኳንም ሰው አልመጣ አልኩ።

በል እንግዲህ፣ ፈቃድ ስታገኝ ብቅ በል። የዓመቱን ባትጠብቅ ደግሞ ደስ ይለኛል። ስትደውልለት መጀመሪያ ስምህን ንገረው፤ ስልካችን ድምፅ ያምታታል።

ሁሌም የምትሳሳልህ እናትህ