ያልተነገረኝ መርዶ

እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ ደህና ናቸው? የባለቤትሽ ወገብ ተሻለው ወይስ ዛሬም ጎንበስ ማለት ይከብደዋል? እኔ ለሥጋዬ ደህና ነኝ፤ ተመስገን፣ የስፌት መኪናዬም አልቆመችም። ሉማሜም እንደምታውቂያት ናት። ኀዘን ላይ ላለ ሰው ይህን ሁሉ ማስቀደሜ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ስደውል አታነሺም፤ ወደ አንቺ ለሚመጣ ለማርቆስ አውቶብስ ሹፌር ይህን ወረቀት መስጠት ነው የቀረኝ።

የእማን ሞት የሰማሁት ገበያ መሃል ነው። ሽንኩርት ስመርጥ ያደግንባት የቁይ ጎረቤታችን አይናዲስ አየችኝ። እጄን ሳትጨብጥ ራሴ ላይ ያሰርሁትን ቀይ ሻሽ ትክ ብላ አየችና፣ «እትዬ የብርጓል ከተቀበሩ ሳምንት አለፋቸው። አንቺ ቀይ አስረሻል?» አለችኝ። ሻሹን ፈትቼ መጣሌን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ የያዘችኝ ሽንኩርት ሻጯ ናት አሉ።

መርዶ እንዲህ ነው እንዴ የሚነገረው? ጎህ ሲቀድ ዘመድ ከጎረቤት ጋር ሆኖ በር ያንኳኳል፤ የሚይዝሽ ሰው አጠገብሽ ቆሞ ነው የሚነገርሽ። የዕድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የጻፍሁትም ይኸንኑ ነበር። መርዶ ነጋሪ መላክ ይቅር፣ ግሩፑ ላይ ከተለጠፈ ሁሉም ሰማ ማለት ነው ብላችሁ ስትወስኑ፣ ፀደንያ ያባቷን ሞት አውቶብስ ውስጥ ስልኳ ላይ አንብባ እንዴት እንደወደቀች አስታወስኋችሁ። ሞት የስብሰባ ማስታወቂያ አይደለም አልሁ። ክፉ ቃል ከወጣኝ ይቺው ናት። ሐሳቡን ያመጣሽው አንቺ ነበርሽና ሰው ፊት ያዋረድሁሽ መሰለሽ፤ «ዘመኑ ያልገባት ዝም ትበል» ብለሽ መለስሽ። እኔም ዝም አልሁ። እህት ከእህቷ ተጣልታ የት ትደርሳለች፣ ነገ ይበርዳል ብዬ።

ከዚያ ወዲያ ግሩፑም ዝም አለ። የኔ ነገር፣ ተመስገን፣ ቁይ ላይ ሞት ጠፋ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ የጠፋሁት እኔ ነኝ። አይናዲስ ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ፤ የእማ ፎቶ፣ ከሥሩ ነፍስ ይማር የሚል የሰው መዓት። የእኔ ስልክ ላይ ግሩፑ ራሱ የለም። ውጪ ያለኝ የለም፤ ጥፋትሽ ይህ ነው ያለኝም የለም። ዕድር ሰው ሲያሰናብት እንኳ ጠርቶ፣ አስቁሞ፣ ጥፋቱን ነግሮ ነው።

ሰው ማስወጣት የሚችሉት ሁለት አድሚኖች ብቻ ናቸው አሉኝ። አንዱ የኋላሸት ነው። እሱ ደግሞ እኔና አንቺ ግሩፑ ላይ ሳንጋጭ፣ ከፍልሰታ በፊት ፀበል ገብቶ እስካሁን አልወጣም፤ ስልኩን ቤቱ ትቶት እንደሄደ ሚስቱ ነግራኛለች። ሌላው ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

ልቅሶው ላይ ጡት ነካሽ ተባልሁ አሉ። እናቴ በወለደችኝ ማግስት ስትሞት፣ እማ አንቺን ባንዱ እኔን ባንዱ ጡቷ ይዛ እንዳሳደገችን ቁይ ላይ የማያውቅ የለም። መቅረቴን አይተው ቢያሙኝ አልፈርድባቸውም። ያቃጠለኝ ያንቺ መልስ ነው። ምነው ቀረች ብለው ሲጠይቁሽ፣ «ነግረናት ነበር» አልሽ አሉ። እህቴ፣ ማን ነው የነገረኝ? ሌላውን ሁሉ ውጬዋለሁ፤ ይህችን ቃል ግን መዋጥ አቃተኝ።

ለአርባዋ እመጣለሁ። ጠሪ አልጠብቅም። ጥቁሬን ለብሼ ከልጆቿ ጋር እቀመጣለሁ እንጂ ከልቅሶ ደራሽ ጋር አልቀመጥም። ካልፈለግሽኝ በሩ ላይ ቁሚና ዓይኔን እያየሽ፣ ሰው እየሰማ አትግቢ በይኝ። ያን ጊዜ እመለሳለሁ። የምታስወጪኝ ከሆነ በአፍሽ አስወጪኝ።

የእማን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ለአንቺም መጽናናቱን ይስጥሽ፤ ልጆችሽን ክፉ አይንካብሽ። ብቻሽን ቆመሽ መርዶ አያሰማሽ።

ከሉማሜ፣
የጡት እህትሽ