የገረጣው መኖ

ኅዳር 4
ሃያ አራት እርጉዝ አይጦች ቤተ ሙከራችን ገቡ።

ግማሾቹ ቀይ ክዳን ካለው ባልዲ ይበላሉ፣ ግማሾቹ ሰማያዊ ክዳን ካለው። አንደኛው መኖ ለእርጉዝ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ጎድሎታል። የሚወለዱት ላይ ኦቲዝም የሚመስል ምልክት ይታይ እንደሆነ ሊጠና ነው። የትኛው እንደጎደለው የሚያውቀው መኖውን የሚቀምመው ባልደረባዬ ብቻ ነው፤ "ሚዛን" ነው የምንለው። ጥናቱን የሚመሩት ዶክተሯ እንኳ አያውቁም። እንዳናዳላ ነው አሉ።

ለአይጥ ማን ያዳላል?

ኅዳር 7
የቀዩ መኖ ገርጥቷል። አሥራ ስድስት ዓመት መኖ ሰፍሬያለሁ... የጎደለው እሱ ነው።

ልጄን ሳረግዝ ምንም አይረጋልኝም ነበር። ሻይና ደረቅ ዳቦ፣ ያውም ከቻልኩ። አሁን ሃያ ሊሞላው ነው፤ በቀን አምስት ቃል ቢናገር ነው። አማቴ እሑድ በመጡ ቁጥር ያቺኑ ይደግሟታል። "አንቺ ልጅ፣ በባዶ ሆድ አርግዘሽ ምን ጠብቀሽ ነበር?"

ኅዳር 9
መጋዘን ውስጥ ለደከሙ አይጦች የሚሰጥ የቫይታሚን ዱቄት አለ። ግማሽ ማንኪያ ቀዩ ባልዲ ላይ ነሰነስኩ። ማንም አላየም።

ኅዳር 12
ዛሬም። በየቀኑ ሆነ።

ኅዳር 24
ወለዱ። የቀዮቹም ግልገሎች ደህና ናቸው፣ ወፈር ያሉ። ቀኑን ሙሉ ሳንጎራጉር ዋልኩ።

ታኅሣሥ 2
የድምፅ ምርመራ። ግልገሉን ከእናቱ ሲለዩት ይጮኻል። የእኛ ጆሮ አይሰማውም፤ መሣሪያው ነው የሚያሰማን። የሰማያዊዎቹ ደከም ያለ ፉጨት መጣ። የቀዮቹ... ዝም። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ከሰማያዊው አንዱን ደግሜ አስቀመጥኩ። ጮኸ። ከቀዩም ደገምኩ። አፍ ብቻ።

ሚዛን ቀለደ። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ነበረች፣ ዛሬ ኮምፒውተር ሆነ አለ። አልሳቅኩም። ያን ሁሉ ዱቄት ሰጥቼ?

ጥር 9
ግልገሎቹ አድገዋል። ሦስት ክፍል ያለው ሣጥን ውስጥ እናስገባቸዋለን። በአንዱ ጫፍ የተደፋ የሽቦ ኩባያ አለ፣ ሥሩ የማያውቁት አይጥ። በሌላው ጫፍ ባዶ ኩባያ። አይጥ ወደ አይጥ ይሄዳል፣ ልማዱ ነው።

የቀዮቹ ወደ ባዶው ሄዱ። አንድ በአንድ፣ ሁሉም። ዞር ብለው ግድግዳውን እያዩ ተቀመጡ። ኩባያዎቹን አቀያየርኩ። ተነሥተው ባዶውን ተከተሉት።

ቤት ስገባ ልጄ ጠረጴዛው ጋ ነው። የሻይ ኩባያ ደፍቶ አጠገቡ ተቀምጧል። ከልጅነቱ ያደርገዋል፣ ልብ ብዬው አላውቅም። ምን አለ ከሥሩ አልኩት።

"ማንም።"

ጥር 21
የትኛው መኖ እንደጎደለው የተጻፈበት የታሸገ ፖስታ ተከፈተ። ሚዛን አነበበው። ቀዩ ሙሉው መኖ ነው። የጎደለው ሰማያዊው ነበር።

ለምን ገረጣ ታዲያ አልኩ። የመኖው ዱቄት ከሌላ አቅራቢ የመጣ ነው አለ። "መልክ አይተሽ ነው እንዴ የምትፈርጂው?" ሳቀብኝ።

ዶክተሯ ወረቀቱን ተቀብለው ደግመው አነበቡት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሙሉው መኖ ራሱ ሳይጎዳ አልቀረም፣ ይጻፍ አሉ። አይጥ ሰው አይደለም፣ ቢሆንም እናቶች ማወቅ አለባቸው አሉ።

በሙሉው መኖ ላይ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዝም ያሰኘኋቸው እኔ። ሆድ ይፍጀው? ብናገር የሦስት ወር ሥራ ገደል ገባ፣ እንጀራዬም አብሮ። ልጄን ማን ያበላዋል?

ጥር 23
እሑድ። አማቴ መጡ፣ ያቺኑ ደገሙ። እሳቸውን እያየሁ ሌላ ነገር መጣብኝ። እኔን "ሳትበዪ ነው" አሉኝ። የማላውቃትን አንዷን እናት ደግሞ ጥናቱን የሰሙ "በልተሽ ነው" ሊሏት ነው። በእኔ ማንኪያ።

ጥር 24
የተረፈው የቀይ መኖ ይቃጠል ተባለ። ባልዲውን ይዤ ማቃጠያው ድረስ ወረድኩ። ክዳኑን ስከፍት የነሰነስኩት ነጭ ዱቄት ዳርና ዳሩ ላይ ተጋግሯል። ይኼ ከተቃጠለ ምንም አልተደረገም ማለት ነው።

ክዳኑን መለስኩና ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። ባልዲው ጉልበቴ ሥር ነው። ሚዛን ከታች ይጣራል፤ እሳቱ ሊጠፋ ነው፣ የት ገባሽ ይላል። የዶክተሯ በር ከላይ ሦስተኛው ነው፣ ገርበብ ብሏል።

አፌን ከፍቼ ድምፅ ባይወጣስ?

ልነሣ።