የስለቱ ቆርቆሮና አዲሱ ሞተር

ኅዳር 27፣ ጠዋት 3 ሰዓት

የፒካፔ ሞተር ወረደ። መካኒኩ ጋሽ ተካ ከፍተው እያዩት ነው። ሲሊንደሩ ተበልቷል፣ ፒስተኑ ተጫጭሯል። ቀና ብለው አዩኝና ይሄን ይዘህ ነው ዳገት የምትወጣው አሉኝ። የኪ.ሜ. ቆጣሪው እንኳ ከቆመ ስንት ዘመኑ፤ አባቴ በሕይወት ሳሉ ነው የቆመው።

ደብተሬ፣ ካንተ አልደብቅም። እዚህ ጋራዥ ያመጣችኝ የመንደራችን አስካለ ናት። በጥቅምት፣ ከዘመሮ ገበያ ስንመለስ ፒካፑ ዳገቱ መሀል ላይ እምቢ አለ። እንደልማዴ ውረዱ አልኩ። ሁሉም ወረደ። እሷም ከነሆዷ ወረደች፣ በእግሯ ወጣች። አናቱ ላይ ምጥ ያዛት። ሴቶቹ በጋቢ ከልለው አዋለዷት። እኔ ጎማው ሥር ድንጋይ እያስደገፍኩ ለገብርኤል ተሳልኩ፦ በሰላም ትገላገል እንጂ ሞተሩን አሠራለሁ፣ የመጀመሪያ ጉዞው ያንተ ነው፣ የደብርህን የጣሪያ ቆርቆሮ ጭኜ ይሄንኑ ዳገት እወጣለሁ።

ተገላገለች። ወንድ ልጅ። ከዚያ ወዲህ ግን ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ከሩቅ ሳያት በሌላ መንገድ እታጠፋለሁ።

ታኅሣሥ 5

ሲሊንደሩ ተስተካክሎ ከደብረ ብርሃን መጣ። ፒስተን አዲስ። ጋሽ ተካ ቱርቦም ይግባለት ይላሉ። መንዝ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ አየር ሲያጥረው ጭስ ብቻ ይተፋል፤ ቱርቦው አየር ገፍቶ ያስገባለታል። እሺ አልኩ። በቅሎዬ ተሸጠች። ሚስቴ አኩርፋለች።

ታኅሣሥ 12፣ ሚካኤል

ሥራ የለም። ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ገና ሳይታሰር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ጋሽ ተካ ግን በሚካኤል ብሎን አይነኩም። ለመንኳቸው። ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም በበዓል ሞፈር አልነካም። ግን ገብርኤል ሳምንት ቀረው!

ታኅሣሥ 17፣ ከሰዓት

ተነሳ! ድምፁ ሌላ ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ዞር ብዬ ጠረግሁ።

ደስታዬ አልቆየም። ጋሽ ተካ እጃቸውን በናፍጣ እየታጠቡ፣ አሁን ሮዳጅ ላይ ነው አሉ። አዲሱ ዕቃ እስኪላመድ ሺህ ኪ.ሜ. በቀስታ፣ ያለ ጭነት። ስለቴን ነገርኳቸው። ስትሳል እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት አሉ። ቆርቆሮው ተገዝቷል። አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ብጭን ሞተሩ ይበላል፣ ባልጭን ስለቴ ይቀራል። ምን ጉድ ነው የገባሁት?

ታኅሣሥ 18

ነፍስ አባቴ አባ ኃይሌ ዘንድ ሄድኩ። ይገስጹኛል ብዬ ነበር፤ ሳቁ።

«ጉዞውን አንተ ስጥ። ቆርቆሮውን ሕዝቡ ይሸከማል። ስንቴ አውርደኸን፣ ዳገቱን በእግራችን እናውቀው የለ?»

እኔም ሳቅሁ። ስመለስ ጋሽ ተካን አንድ ሰው ብይዝስ አልኳቸው። አንድ ሰው ጭነት አይደለም አሉ።

ዛሬ አልታጠፍኩም። አስካለ ደጅ ሄድኩ። ይቅር በይኝ አልኩ፣ ነገ ጋቢና ተቀመጪ አልኩ። ልጁን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«ዳገቱ ላይ ውረጂ ትለኛለህ?»

አልልሽም አልኳት።

ታኅሣሥ 19፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ዳገቱ ሥር ቆመናል፣ ሞተሩ እንደተነሳ ነው። መሪው ላይ ደብተሬን አስደግፌ እጽፋለሁ። ወንዶቹ ቆርቆሮውን ሁለት ሁለት ሆነው ተሸክመው ቀድመውናል። ጋሽ ተካ እንኳ አንዱን ይዘዋል፣ ቀስ በል እያሉ ይጮኹብኛል። አስካለ አጠገቤ ናት። ልጁ ጡት ይዞ ተኝቷል። እጇ ግን የበሩን እጀታ አለቀቀም።

አባ በእጃቸው ና አሉኝ። አንደኛ ማርሽ ላስገባ፤ የቀረውን አናቱ ላይ እጽፋለሁ።