ሰባተኛውን ስፌት የምትዘለው

ውድ ሽቦ፣

ይህን ስም ያወጣሁልህ እኔ ስለሆንኩ በሱ ልጥራህ። አልበምህ ላይ የተጻፈውን ስም አፌ አልለመደውም። ከሄድክ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሞላህ። ወረቀት ባነሳሁ ቁጥር እጄን የሚይዘኝ ያ ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ነገር ነበር።

አልበምህ መውጣቱን የነገረኝ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ነው። ከሰዓት በኋላ ሱሪ እያሳጠርኩ ሳለ በሩ ላይ ቆሞ ተጣራ።

«አንቺ! ነይ እስኪ፣ ወንድምሽ ያደረገውን ጉድ ስሚ!»

ሄድኩ። መቀሱን እንደያዘ አንገቱን ያወዛውዛል። «ጭፈራ ነው እንዳልል ሆድ ያባባል፤ እንጉርጉሮ ነው እንዳልል እግሬ አላርፍ አለኝ። ምን ብዬ ልጥራው?»

ጆሮዬን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋሁ። ከዚያ ሁሉ የኮምፒውተር ድምፅ ስር የስፌት መኪናዬን ሰማኋት። ስድስት ጊዜ ወግታ ሰባተኛውን ስትዘል።

ማርሿ አንድ ጥርስ ስለጎደለው ነበር እንዲያ የምታነክሰው። ደንበኞች ስፌቱ ዘለለ ብለው ሲያማርሩ አንተ ግን «እታለም፣ በሞቴ እንዳታሠሪያት!» ትለኝ ነበር። ማይክሮፎንህን በካልሲ ጠቅልለህ ከጠረጴዛው ስር በላስቲክ ታስርና ክርም ጨርቅም በሌለበት «በይ ስፊ» ትለኛለህ። ስንት ቅዳሜ አየር ስሰፋልህ ዋልኩ! ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንን ግን አንድም ቀን አልነገርኩህም።

የመጨረሻው ቅዳሜያችን ዕለት አርባ የተማሪ ዩኒፎርም ለማድረስ እጣደፍ ነበር። አንተ ከጠረጴዛው ስር ሆነህ «ትንሽ ብቻ፣ እታለም» አልከኝ። ጮህኩብህ። ይህ ጫጫታ እንጂ ሙዚቃ አይደለም አልኩህ። በሳምንቱ ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ እግሬን ከመርገጫው ሳላነሳ «ደህና ሁን» አልኩህ። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁህም።

ለካ የጮህኩብህ ዕለት እየቀረፅክ ነበር። ዘጠነኛው፣ የመጨረሻው ዘፈን እየሄደ እየሄደ የኔ ድምፅ «በቃ ዝጋው!» ይላል፤ አልበሙ እዚያው ላይ ያልቃል። ፀጉር አስተካካዩ በሳቅ ፈረሰ። «ይቺ ቁጡ ሴትዮ ደግሞ ማን ናት?» አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገር ምድሩ ሰምቶኝ እኔ የመጨረሻዋ ሆንኩ። ሥራ አለኝ ብዬ ወጣሁና መጋረጃውን ስቤ አለቀስኩ።

ሰኞ ዕለት ደግሞ መልእክትህ መጣ። «እታለም፣ አልበሙን መድረክ ላይ ልጫወተው ነው። የመኪናዋ ቅጂ ስለጠፋብኝ አዲስ ቀርፀሽ ላኪልኝ።» እንደምን አለሽ የለ፣ ምን የለ። ቢሆንም አሥር ጊዜ አነበብኩት።

ሽቦዬ፣ እውነቱን ልንገርህ። በሄድክ በወሩ አሠርቻታለሁ። ስፌቱ አስቸግሮኝ አይደለም። ሰባተኛው ላይ በደረሰች ቁጥር ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ስር አይ ነበር። ማንም የለም። አሁን ቀጥ ብላ ትሰፋለች፤ ቤቱም ጭር ብሏል።

ማክሰኞ ጠዋት ተሸክሜያት ያኔ የሠራት ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ምንም ነገር አይጥልም፤ አሮጌው ማርሽ ከቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ተገኘ። መልስልኝ ስለው መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

«ሰው የዳነ እግሩን መልሰህ ስበርልኝ ይላል እንዴ?»

«አንተ ብቻ ስበር፤ የማነክሰው እኔ!» አልኩት።

ስልኬን በካልሲ ጠቅልዬ ከጠረጴዛው ስር አሰርኩት፤ ካልሲው ያንተ ነው፤ አንዱ እግር እዚህ ቀርቶ ነበር። ሃያ ደቂቃ አየር ሰፋሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ማርሹንም ዳግመኛ አላስቀይረውም፤ ደንበኛ ያማርር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ቢሆንም መኪናዋ ስትቆም ቅጂውን ቶሎ አትቁረጠው። ትንሽ ዝምታ አለ፤ ወንበር ሲንቋቋ ትሰማለህ። ከዚያ ያቺ ቁጡ ሴትዮ «አትዝጋው» ትላለች። መድረኩ ላይ የመጨረሻውን ዘፈን በሱ ጨርስልኝ።

አየር ሰፊዋ እህትህ